የጋሽ ወልዴ ችካሎች

ጋሽ ወልዴ ማረፋቸውን የሰማሁት ጅማ፣ አንድ ፀጉር ቤት ውስጥ ካስክ ሥር ተቀምጬ ነው። የካስኩ ጩኸት አላሰማ ብሎኝ «ማን? ማን ሞተ?» እያልኩ ስጮህ እዚያ የነበሩት ሴቶች ሁሉ ዞረው አዩኝ። የደወሉልኝ ቦንጋ ሳለሁ አከራዬ የነበሩት እማማ ወርቄ ናቸው። እማማ ወርቄ ነገር ማለዘብ አያውቁም። «ወልዴ ሞተ። ትናንት ቀበርነው። ቤቱ ግን እንዳለ ነው፣ ምንም አልሆነ» አሉኝ።

መርዶ ውስጥ ስለ ቤት ምን ያስወራል የሚል ይኖራል። እኔን ያስለቀሰኝ ግን የቤቱ ነገር ነው። ፀጉር ሠሪዋ ካስኩን አንስታ ፎጣ ሰጠችኝና ፀጉሬ እንደረጠበ ወጣሁ። መንገድ ላይ ስለ እኚህ ሰው እስከዛሬ ለማንም በቅጡ አውርቼ እንደማላውቅ ታሰበኝ። የሚያውቋቸውም ቢሆኑ የሚያወሩት የሚያስቀውን ብቻ ነው። እኔም ከሚያስቀው እጀምራለሁ፣ ሌላ መግቢያ የለኝም።

ወደ ቦንጋ የሄድኩት የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ተመድቤ ነው። ያኔ በየመሥሪያ ቤቱ ግምገማ የሚበዛበት፣ ሞባይል የያዘ ሰው በጣት የሚቆጠርበት፣ ባጃጅም ገና ከተማው ያልገባበት ጊዜ ነው። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ስለሆነ ብርድ አያስፈራኝም፤ እንዲህ ያለ ዝናብ ግን አላውቅም ነበር። ቦንጋ ላይ ክረምቱ አለፈ ብሎ ጃንጥላውን የሚያስቀምጥ ሰው ሞኝ ነው። እማማ ወርቄ ያከራዩኝ ክፍል ተዳፋት ላይ በተሠራ ግቢ ውስጥ ነበር። ከላይ የእሳቸው ቤት፣ ከመሐል የእኛ የተከራዮቹ ክፍሎች፣ ከታች ጥግ ሽንት ቤቱ። ከክፍሎቹ እስከ ሽንት ቤቱ ያለው ቁልቁለት ቀይ አፈር ነው፤ ሲዘንብበት ሳሙና ይሆናል። ሁላችንም ወድቀንበታል።

ዕቃዬን ሳስገባ የሚቀጥለው ክፍል ተከራይ ሰላም ሊሉኝ መጡ። ረዘም ያሉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ሳይሆን ማንጠልጠያ ላይ ያለ የሚመስል ሰው ናቸው። «እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ» እያሉኝ በጣታቸው መገጣጠሚያ የበሬን መቃን ኳ ኳ ያደርጋሉ። ከዚያ ጆሯቸውን አስጠጉና ደገሙት።

«ይኼኛው ደህና ነው» አሉ። «የወዲያኛውን ሥሩን አልወደድኩትም። ሣጥንሽን እዚያ አታስጠጊ።»

ሳልጠራቸው መጥተው ቤቴን ይመረምሩልኛል ብዬ በሆዴ ተናደድኩ። ሲሄዱ ግን ሣጥኔን ከዚያ ጥግ አነሳሁ።

ጋሽ ወልዴ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ካፋ ተወልደው፣ እዚያው ካፋ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ሲዛወሩ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ከተማው የሚያውቃቸው ግን በእንጨት ማንኳኳት ነው። የገቡበት ቤት ሁሉ አስቀድመው ሰላም የሚሉት ምሰሶውን ነው ተብሎ ይቀለድባቸዋል። ሻይ ቤት የጠረጴዛ እግር ያንኳኳሉ። ለቅሶ ሄደው የድንኳኑን ምሰሶ ያንኳኳሉ። አንድ ጊዜ ግምገማ ላይ ሰብሳቢው ሲናገር እሳቸው የተቀመጡበትን አግዳሚ ወንበር ሲያንኳኩ ተይዘው «ምነው መምህር፣ አስተያየት አለዎት?» ቢባሉ «አለኝ፤ ይኼ ወንበር ከውስጥ አልቋል» ብለው ቁጭ አሉ። ሰብሳቢው በነገር የወጉት መስሎት ለረጅም ጊዜ ዘግቷቸው ነበር። እሳቸው የተናገሩት ስለ ወንበሩ ነው፤ ወንበሩም ብዙ ሳይቆይ ተሰበረ።

ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ አጠር ብለው ደንደን ያሉ፣ ቀልድ የሚወዱ ሴት ነበሩ። ልጅ አልወለዱም። የእትዬ አልማዝ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው። ነገሩ ከበድ ሲል ወደ ካፊኖኖ ይሻገራሉ፤ ጋሽ ወልዴ ይተረጉሙልኛል፤ ግን የወደዱትን ብቻ ነው የሚተረጉሙት። እትዬ አልማዝ ብዙ ደቂቃ ተናግረው ትርጉሙ «ደህና ነኝ ትላለች» ሲሆን ሦስታችንም እንስቃለን።

እትዬ አልማዝ ያነክሱ ነበር። ግራ እግራቸውን ጎትት አድርገው፣ በየእርምጃው ወገባቸውን በእጃቸው ደግፈው ነው የሚሄዱት። ምክንያቱን የነገሩኝ አንድ ቅዳሜ በረንዳ ላይ ጎመን ስንቀነጥስ ነው።

«ዋጫ ከተማ ሳለን ቤት ነበረን» አሉኝ። «የራሳችን። ወልዴ በእጁ የሠራው። ምሰሶውን አረንጓዴ ቀለም ቀባው። ሰው መጥቶ ያይ ነበር።»

ጋሽ ወልዴ ትምህርት ቤት በነበሩበት ቀን ዝናብ ከነፋስ ጋር መጣ። እትዬ አልማዝ ምሰሶው ሥር ተቀምጠው በቆሎ ይፈለፍሉ ነበር። አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰሙ። ቀና ሳይሉ ምሰሶው ከሥሩ ተቆርጦ ወራጁም ቆርቆሮውም ላያቸው ላይ መጣ። ጎረቤት ሲያወጣቸው ዳሌያቸው ተሰብሯል። በኋላ የተቆረጠውን ምሰሶ ሲያገላብጡት ውስጡ ባዶ ነው። ምስጥ ከሥር ገብቶ ልቡን በልቶ ጨርሶታል፤ የቀረው ቀለሙና ስስ ቅርፊቱ ብቻ ነው።

«ጠዋት ሲወጣ ያንን ምሰሶ ደገፍ ብሎ ጫማውን አስሯል» አሉኝ እትዬ አልማዝ። «ደህና ነበር። ምን ያውቃል እሱ? እኔ አንድ ቀን በአንተ ነው ብዬው አላውቅም። እሱ ግን ሳነክስ ሲያይ አንገቱን ይደፋል።»

እንጨት ማንኳኳት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ከሰማሁ በኋላ ሰው ሲቀልድባቸው አብሬ መሳቅ አቃተኝ።

መምህራኑ በማኅበር ተደራጅተው ከከተማው ዳር የቤት ቦታ ደረሳቸው። ቦታውን ለማየት ሦስታችን አብረን ሄድን። ጋሽ ወልዴ አፈሩን እያነሱ በጣታቸው ሲፈረፍሩ፣ እትዬ አልማዝ ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ ወገባቸውን ሳይደግፉ ሄዱ፣ ተመለሱ።

«ሜዳ ነው» አሉ። ስንመለስ በሩ በየት እንደሚዞር፣ እንሰቱ ከየት ወዲህ እንደሚተከል፣ ሽንት ቤቱ ከኋላ በር ምን ያህል እንደሚርቅ እስከ ቤት ድረስ አወሩ። ያን ዕለት ጋሽ ወልዴ አንዱንም ሳያስቀሩ ነበር የሚተረጉሙልኝ።

የማኅበሩ አባሎች ወዲያው ባህር ዛፍ ገዝተው፣ ቋሚ አቁመው፣ ማገር መትተው፣ ጭቃ መረጉና ገቡ። የጋሽ ወልዴ ቦታ ላይ የቆመው ግን ችካል ነው። ክንድ የሚያህሉ እንጨቶች እንደ ሽንኩርት መደብ በረድፍ በረድፍ ተከሉ። አንዱ ረድፍ እግሩ በእሳት የተለበለበ ነው። ሌላው ከጋራዥ የመጣ የተቃጠለ ዘይት የጠጣ፣ ሌላው ሬንጅ የተቀባ፣ ሌላው በአመድና በጨው የታሸ፣ መጨረሻው ደግሞ ምንም ያልተደረገለት፣ ባዶው። ለየረድፉ የተለያየ ቀለም ክር አስረውበታል።

«ሰው ሁሉ የራሱን መድኃኒት ይነግረኛል» አሉኝ። «እኔ ማንንም አላምንም። ምስጡ ራሱ ይንገረኝ።»

ሰፈሩ መቀለጃ አገኘ። መምህር ወልዴ ችካል ዘሩ፣ መቼ ይሆን የሚበቅለው ይባላል። እሳቸው ግድ አልነበራቸውም። ዝናቡ ጋብ ሲል ሄደው አንድ በአንድ ይነቅላሉ፣ ያንኳኳሉ፣ በወስፌ ይወጋሉ። በአንደኛው ዓመት ባዶው ተበላ፣ የተለበለበው ዳነ። ደስ ብሏቸው መጡ፤ እትዬ አልማዝም «እንግዲህ ተነገረህ» አሏቸው። ግን አንድ ዓመት ብቻ አይበቃም ብለው መልሰው ተከሉ። በሚቀጥለው የተለበለበውን ምስጥ ገባበትና ባዶው ሳይነካ ቀረ።

«ይኼ ምን ማለት ነው?» አልኳቸው።

«ገና አልገባኝም ማለት ነው» አሉኝና አዲስ ችካል መጥረብ ጀመሩ።

አንድ ሰው ወይራ ምስጥ አይደፍረውም አላቸው። ወይራ አዘዙ። እንጨቱ በጭነት መጥቶ ሊራገፍ ሲል ቆራጩን «ጨረቃ በየትኛው ላይ ሳለች ነው የቆረጥከው?» ብለው ጠየቁት። በዚያ አገር ጨረቃ ሙሉ ሆና የተቆረጠ እንጨት ቶሎ ይነቅዛል፣ ስትጎድል የተቆረጠው ነው የሚቆየው የሚባል ነገር አለ። ሰውየው ትንሽ ሲያመነታ ጭነቱን መለሱት። እኔ ተናደድኩ።

«የሒሳብ መምህር ሆነው በጨረቃ ያምናሉ?» አልኳቸው።

«አላምንም» አሉኝ። «ግን ባምን ምን ይጎድልብኛል?»

የሚጎድለው ጊዜ ነበር። ይህን አፍ አውጥቼ ለማለት ድፍረቱ አልነበረኝም፤ የሚታየኝ ግን በየቀኑ ነው። በዝናብ እትዬ አልማዝ ወደዚያ ቁልቁለት የሚወርዱት ግድግዳውን፣ ከዚያ አጥሩን፣ ከዚያ የልብስ ማስጫውን ገመድ እየያዙ ነው። ገመዱ ያለቀበት ቦታ ላይ ቆም ይላሉ። አንዳንዴ እኔ ወይም ሌላ ተከራይ ደርሰን እንደግፋቸዋለን፤ አንዳንዴም ማንም ሳያያቸው በቂጣቸው ተንሸራተው ወርደው ቀሚሳቸውን አጥበው ይመለሳሉ።

በአንድ ነገር ግን አልፈርድባቸውም። የገበያ ቀን አንድ ነጋዴ የምስጥ መድኃኒት ነው ብሎ ወረቀት የሌለው ጠርሙስ አሳያቸው። መሠረቱ ዙሪያ አንዴ ከፈሰሰ ምስጥ ቀርቶ ትል አያልፍም አላቸው። ጋሽ ወልዴ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱና ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ምስጡን ይገድላል። ከምስጡ በላይ የምትተኛዋን ሴትዮስ?» አሉት።

«መስኮት ይክፈቱላታ፣ ጋሼ።»

«አንተ ቤትህ ውስጥ አድርገኸዋል?»

ነጋዴው ወደ ሌላ ገዢ ዞረ። እትዬ አልማዝ ይህን ሲሰሙ ከልባቸው ሳቁ። «መስኮት ክፈት» የምትለዋ ነገር ለረጅም ጊዜ የግቢያችን ቀልድ ሆና ቆየች።

ሳቁ ያለቀበትን ቀን አስታውሳለሁ። እትዬ አልማዝ ከታች ሲመለሱ ቀሚሳቸው እስከ ወገብ ጭቃ ነው። ጋሽ ወልዴ በረንዳው ላይ ችካል ይጠርባሉ፣ እኔ ልብስ እያስገባሁ ነው። እትዬ አልማዝ እንደ ወትሮው ወደ ቤት አልገቡም፤ ዝናቡ ውስጥ እንደቆሙ ባላቸውን በአማርኛ ጠየቋቸው። እኔም እንድሰማ ፈልገው እንደሆነ አሁን ይገባኛል።

«ወልዴ፣ ምስጥ አንድ ቤት በልቶ ለመጨረስ ስንት ዓመት ይፈልጋል?»

ጋሽ ወልዴ ቀና አሉ። «እንደ እንጨቱ ነው። ስምንትም፣ አሥርም...»

«አሥር ይሁን። እኔ አሥር ዓመት ይበቃኛል። ከዚያ በኋላ ይብላው።»

«አልማዝ፣ ሁለተኛ ላይሽ ላይ ቤት እንዲወድቅ አልፈቅድም።»

«ወድቆብኝ አየሁት እኮ። አልሞትኩም። እዚህ ግን በየቀኑ እኔ ነኝ የምወድቀው።»

ጋሽ ወልዴ መጥረቢያውን አስቀመጡ። እትዬ አልማዝ አልፈዋቸው ገብተው በሩን ዘጉ፤ እሳቸው በረንዳው ላይ እንጨት ፍቅፋቂ እያነሱ ሲጥሉ ቆዩ።

ያ ቃል ሠርቷል። ማዘጋጃ ቤቱም ያልተሠራበት ቦታ ይመለሳል እያለ ማስጠንቀቅ ጀምሮ ነበር። ጋሽ ወልዴ ወሰኑ። ቋሚዎቹ አፈር እንዳይነኩ በድንጋይና በሲሚንቶ መሠረት ላይ ይቆማሉ፣ እግራቸው ተለብልቦ ዘይት ይጠጣል፣ ዝናቡ ቀነስ ሲል ጥቅምት ላይ ሥራው ይጀመራል። የድንጋዩን መሠረት አሠሩ። እንጨቱም ተገዛ። ግቢያችን ውስጥ ላስቲክ ተወጥሮ፣ ሥሩ እሳት እየነደደ ቋሚዎቹ አንድ በአንድ ተለበለቡ፤ ዘይቱን ጋሽ ወልዴ ማንንም ሳያስነኩ በራሳቸው እጅ እየደጋገሙ ቀቧቸው። እማማ ወርቄ ግቢዬ ጋራዥ ሆነ እያሉ ቢነጫነጩም አልከለከሉም። እትዬ አልማዝ ገበያ ወጥተው የበር ቁልፍ ገዝተው መጡ። በሩ ገና ሣንቃው እንኳ አልተገዛም። ቁልፉን ከነወረቀቱ ራስጌያቸው ላይ አስቀመጡት፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ ያየዋል።

መስከረም ላይ፣ ጠዋት፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ አባርቶ ሳለ እትዬ አልማዝ ቁልቁለቱ ላይ ወደቁ። እኔ ወደ ሥራ ልወጣ ስል ነው የሰማሁት። አልጮኹም። የሰማሁት ይዘውት የነበረው የውሃ ጆግ እየተንከባለለ ሲወርድ ነው። ስደርስ በጎናቸው ተኝተው ሰማይ ሰማዩን ያያሉ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። «እግሬን አትንኩ» አሉን። የዱሮው ስብራት ነው የሄደው።

ቦንጋ ሆስፒታል አይተዋቸው ወደ ጅማ ተላኩ፤ ከጅማ ተመልሰው መጡ። በአልጋ ላይ ቀሩ። ከዚያ ሳል ያዛቸው፤ ሳሉ ወደ ደረታቸው ወረደ። ጥቅምት ገባ። ዝናቡ እንደተባለው ቀነሰ። ቋሚዎቹ በላስቲኩ ሥር ደርቀው ተደርድረዋል፤ ጋሽ ወልዴ ግን ከአልጋው አጠገብ አልተነሱም።

አንድ ከሰዓት አጠገባቸው ተቀምጬ ሾርባ በማንኪያ ስሰጣቸው እትዬ አልማዝ «እንጨቱ ደረቀ?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ወልዴ «ደርቋል፣ ጥሩ ሆኗል» አሉ። እትዬ አልማዝ በካፊኖኖ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ፣ ቀስ ብለው፣ እያረፉ። እኔ እንደ ልማዴ ወደ ጋሽ ወልዴ ዞርኩ። አንድም ቃል አልተረጎሙልኝም። ምን እንዳሏቸው ያን ቀንም ከዚያም በኋላ አልጠየቅኳቸውም። እትዬ አልማዝ ያረፉት በዚያው ሳምንት ነው፤ ከኪራይ ቤት ወጥተው ተቀበሩ።

ከቀብር መልስ ያየሁትን ሐዘን መግለጽ አልችልም፤ ጋሽ ወልዴ አላለቀሱም ብል ይቀላል። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ሰው ሲያጽናናቸው «እሺ፣ እሺ» ይላሉ። የድንኳኑን ምሰሶ አላንኳኩም። ከዚያ በኋላም ምንም ነገር ሲያንኳኩ ለረጅም ጊዜ አላየሁም።

አርባው ሲወጣ አናጺ ጠሩ። ባህር ዛፍ አዘዙ፤ ያውም ያን ሳምንት የተቆረጠ፣ ልጣጩ ያልተላጠ፣ ሲነኩት ውሃ የሚተፋ። የድንጋዩን መሠረት ትተው ከጎኑ አዲስ ጉድጓድ አስቆፈሩ፤ ቋሚዎቹ በቀጥታ አፈር ውስጥ ገቡ። አናጺው ግራ ገባው።

«ጋሼ፣ ልጣጩ እንኳ ይላጥ። ምስጥ ይጋብዛል» አላቸው።

«ተወው» አሉት።

«ዘይት ቀባ ቀባ ላድርግበት?»

«አልኩህ እኮ፣ ተወው።»

እነዚያን የተለበለቡና ዘይት የጠጡ ቋሚዎች ደግሞ ራሳቸው በመጋዝ ቆራርጠው ያ ቁልቁለት ላይ አጋድመው ቀበሯቸው። ከክፍሎቹ እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ ደረጃ ሆነ። ሲሠሩ አጠገባቸው ቆሜ አፈር አቀብላቸው ነበር። ሲጨርሱ ላዩ ላይ ወጥተው ወረዱ፤ አንዱም አልተነቃነቀም። ያኔ ነው መጀመሪያ ያለቀሱት፣ መጨረሻው ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው።

ቤቱ በጣም ቶሎ አለቀ። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቅነው ነገር እንዲህ ቀላል መሆኑ ያናድድ ነበር። ጋሽ ወልዴ ጡረታ ወጥተው ነበርና ዕቃቸውን ይዘው ገቡ። እኔ መስሎኝ የነበረው ራሳቸውን እየቀጡ ነው። ቤቱ እንደ ዋጫው ቤት እሳቸውም ላይ እንዲወድቅ የፈለጉ መስሎኝ፣ እየሄድኩ ኑና ግቢያችን ተመለሱ እያልኩ እለምናቸው ነበር።

እሳቸው ግን በየጠዋቱ ቤቱን ይዞራሉ። ከመሬት ተነስታ ግድግዳው ላይ የምትወጣ ቀጭን የጭቃ መስመር አለች፤ ምስጥ ሲመጣ የሚታወቀው በእሷ ነው። እሷን ይፈልጋሉ። ማንኳኳቱንም እንደገና ጀመሩ። አንድ ክረምት አለፈ። ሌላው ክረምት አለፈ። የጎረቤቶቻቸው አጥር ተበላ፤ ዘይት የተቀባው የአንዱ መምህር ቤት ምሰሶ ተቀየረ። የጋሽ ወልዴን ቤት ምስጥ አልነካውም።

«አልመጡም እኮ» አሉኝ አንድ እሑድ ልጠይቃቸው ስሄድ። ሰው ቀጥሮ የቀረበት ሰው እንደሚናገረው ነው የተናገሩት።

«ጥሩ አይደለም እንዴ ጋሼ? እግዚአብሔር ጠብቆዎት ነው።»

ቀስ ብለው፣ ትምህርቱ ላልገባው ተማሪ እንደሚያስረዱ አስረዱኝ።

«ሰናይት፣ ምስጡ ቢመጣ እኔ ልክ ነበርኩ ማለት ነው። ብቸኩል ኖሮ ሁለተኛ ይወድቅባት ነበር ማለት ነው። ካልመጣ ግን እሷን እዚያ ቁልቁለት ላይ ያቆየኋት ለምንድን ነው?»

አፈሩ ይሆናል፣ ዕድል ይሆናል ብዬ ቀባጠርኩ። እሳቸው ያን ያህል ዓመት ችካል ተክለው ያላገኙትን እኔ በረንዳ ላይ ቆሜ ልነግራቸው አልችልም። ምስጥ ይምጣልኝ ብሎ የሚጸልይ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እሳቸው ግን እየጸለዩ ነበር።

ከዚያ እኔ ወደ ጅማ ተዛወርኩ። በዓል ሲሆን እደውላለሁ፤ ሰላምታው ሳያልቅ «እስካሁን የለም» ይሉኛል። እኔም ስለምን እንደሚያወሩ ስለማውቅ አልጠይቅም።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ታመው ተኝተው ሳለ ነው። እማማ ወርቄ ብትመጪ ይሻላል ብለውኝ ጠዋት ተነስቼ ሄድኩ። ፀሐይ ወጥቶ ነበር። ጋሽ ወልዴ አልጋው ውስጥ ጠፍተዋል፤ ያ ቁመት የት እንደገባ እንጃ። እጄን ይዘው ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። እኔም ስለ ሕመማቸው ጠየቅኳቸው። ሁለታችንም የጠየቅነው ለወጉ ነው።

«ጓሮ በኩል ያለውን የጥግ ቋሚ እይልኝ» አሉኝ። «ከታመምኩ ወዲህ አላየሁትም። ጎንበስ ማለት አቅቶኛል። ሊጠይቁኝ የሚመጡትን ሂዱ እዩ ስላቸው ዝም ብለው ይስቃሉ።»

ወጣሁ። ቤቱን ዞሬ ቋሚው ሥር ተንበረከክኩ። አፈሩን በእጄ ገፋ ገፋ አደረግሁ። በጣቴ አንኳኳሁት፤ ጆሮዬን አስጠግቼ ደገምኩት። ድፍን ነው። ልጣጩ ተሰነጣጥቋል እንጂ እንጨቱ ደርቆ እንደ ብረት ጠንክሯል። የጭቃ መስመር የለም። ወደሚቀጥለው ሄድኩ፤ ወደሚቀጥለውም። ቤቱን ሙሉ ዞርኩት። አንድ ቦታ፣ አንድ ጥፍር የምታህል ብትኖር ደስ ይለኝ ነበር፤ የለችም። ፀሐዩ ላይ ቆሜ ምስጥን ረገምኩ፤ ዋጫ ላይ ሳይጠሩት መጥቶ እዚህ ለምን ይቀራል ብዬ።

ስገባ ጋሽ ወልዴ አንገታቸውን ከትራሱ ቀና አድርገው በሩን ያዩ ነበር።

«መጥተዋል ጋሼ» አልኳቸው።

ወዲያው አላመኑኝም። የሒሳብ መምህር ናቸው። «እስከምን ድረስ?» አሉኝ።

እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። «እስከዚህ። የጭቃ መስመሩ በልጣጩ ሥር ነው የወጣው፤ ከላይ አይታይም።»

«አንኳኳሽው?»

«አንኳኩቼዋለሁ።»

«እ?»

«ባዶ ነው።»

ራሳቸውን ትራሱ ላይ መልሰው ጣሉ። ደረታቸው ከፍ ብሎ ወረደ፤ ብርድ ልብሱን የጨበጠው እጃቸው ላላ። ዓይናቸውን ሲጨፍኑ እንባው በሁለቱም በኩል ወደ ጆሯቸው ፈሰሰ፣ እኔም አላበስኩላቸውም።

«ነግሬያት ነበር» አሉ። «አልማዝን ነግሬያት ነበር።»